ጡረተኞቹ ያቆዩት ማዞሪያ

በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ደቡባዊ ክፍል፣ ጆርጅታውን በሚባለው የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር፣ ለአላፊ አግዳሚ ምንም የማይነግር የስልክ ኩባንያ ሕንፃ አለ። ሕንፃው ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ የአካባቢው መስመሮች ያልፉበታል። እሑድ እሑድ ወደ ላይኛዎቹ ፎቆች የሚወጣ ጎብኚ ግን ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። ከሰው ቁመት በላይ በሆኑ የብረት መደርደሪያዎች ላይ የተሰቀሉ፣ ሞተራቸው የሚዞር፣ ቁጥር ሲደወልላቸው የሚነሡና መስመር ፈልገው የሚያገናኙ አሮጌ የስልክ ማዞሪያዎች ያገኛል። ቦታው ኮኔክሽንስ ሙዚየም ይባላል። ማዞሪያዎቹን የሚያጸዱት፣ የሚጠግኑትና ለእንግዳ የሚያሳዩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ከማዞሪያዎቹ አንዱ ፓነል ይባላል። የተተከለው በ1923 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ጊዜ የአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ስልክ በዚህ ዓይነት ማዞሪያ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራው ይህ ብቻ ነው። እንዴት ተረፈ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከአንድ የሙዚየም ዓይነት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሠራተኞች ራሳቸው ከሚያቋቁሙት፣ ከትንሹ ሙዚየም ጋር።

የቴክኒክ ሙዚየም ሲወለድ የመንግሥት ልጅ ነበር። በ1794፣ የፈረንሳይ አብዮት ገና ሳይበርድ፣ አቤ ግሬጉዋር የተባሉት ቄስና የሕዝብ እንደራሴ ፓሪስ ላይ የእደ ጥበብ ኮንሰርቫቷር እንዲቋቋም አደረጉ። መኪና ለብቻው ቆሞ እንደማያስተምር ገብቷቸው ነበርና አጠገቡ ቆመው የሚያስረዱ ሰዎች እንዲመደቡ ታሰበ። በ1903 ደግሞ የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ኦስካር ፎን ሚለር ሙኒክ ላይ ዶይቸስ ሙዚየምን መሠረቱ፤ ጎብኚው እጀታ እንዲያዞርና ቁልፍ እንዲጫን ፈቀዱለት። ሁለቱም ታላላቅ ቤቶች ናቸው። የሚመርጡትም በታላቅነት ነው፤ የመጀመሪያው ሞተር፣ ስሙ የገነነ ሰው መሣሪያ፣ ለዓለም አዲስ የሆነ ግኝት። ባለሱቁ ስኳር የሚያዝዝበት ስልክ በእነዚህ በሮች ለመግባት ረጅም ጊዜ ወስዶበታል።

በስዊድን አርቱር ሃዜሊዩስ የተባሉት ሰው የገበሬ ቤቶችንና የእጅ ባለሙያ ሱቆችን እየነቀሉ ስቶክሆልም ላይ እንደገና በመትከል በ1891 ስካንሰንን ከፈቱ። ተራው ኑሮ ለሙዚየም የሚበቃ ነገር መሆኑ በሰፊው የታየው ያኔ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንክ አትኪንሰን ከብዙ ዓመታት በኋላ ለቢሚሽ ሙዚየም ሲሰበስቡ ይህን ሐሳብ እስከ ጫፉ ወሰዱት። የሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ሰዎች ያመጡላቸውን ሁሉ ሳይመርጡ ይቀበሉ ነበር። ዛሬ ተራ የሚመስለው ነገ የማይገኝ እንደሚሆን፣ ምርጫውንም ቸኩሎ ማድረግ እንደማይገባ ያምኑ ነበር። ብዙ የሙዚየም ሰዎች ይህን አሠራር ሥርዓት የለሽ ይሉታል። እኔ ግን አትኪንሰን ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ የእናቶቻችንን ምጣድና የአባቶቻችንን ራዲዮ የጣልነው ሁሉ ተራ መስሎን ነውና።

ለሲያትሉ ቤት ይበልጥ የሚቀርበው ዘመድ ግን ሙዚየም የሚል ስም እንኳ አልነበረውም። ዌልስ ውስጥ ታሊሊን የሚባል፣ በ1865 የድንጋይ ሰሌዳ ለማመላለስ የተከፈተ ትንሽ የባቡር መስመር ነበር። ባለቤቱ በ1950 ሲሞቱ መስመሩ ሊዘጋ ሆነ። ቶም ሮልት የተባሉት መሐንዲስና ደራሲ በዚያው ዓመት በርሚንግሃም ላይ ስብሰባ ጠሩ፤ መጥተው የተሰበሰቡትም በገዛ ጊዜያቸው ሊያንቀሳቅሱት ተስማሙ። በ1951 ባቡሩ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ሄደ፤ በዓለም የመጀመሪያው እንዲህ የተረፈ የባቡር መስመር ነው። ቦይለር ማቀጣጠልና ሐዲድ ማጥበቅ የዚያ ቤት ጥበቃ ነበር። ሳይሠራ የቆመ ባቡር እንደማይጠበቅ፣ የሚነዳውም ሰው አብሮ መቆየት እንዳለበት የታሊሊን ሰዎች በተግባር አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በእንፋሎት ሞተር፣ በወፍጮ፣ በኅትመት መኪና፣ በኮምፒውተር ዙሪያ የተሰባሰቡ ትናንሽ ቤቶች ሁሉ የሄዱት በዚህ መንገድ ነው።

የስልኩ ነገር ግን ከባቡሩ ይከብዳል። ባቡር በመንገዱ ሁሉ ይታያል፤ ሕፃን ሽማግሌው ያውቀዋል። የስልክ ማዞሪያ ግን ተሸሽጎ የሚኖር መኪና ነው። ሰው ስልኩን ያነሣል፣ ቁጥር ይመታል፣ ከወዲያ ማዶ ድምፅ ይመጣል፤ በመካከል ያለውን ከባለሙያው በቀር ያየው የለም። ያላየውንም ነገር ይጠበቅልኝ ብሎ የሚጮህ አይገኝም።

መጀመሪያ በመካከል የነበረችው ሴት ናት። በ1878 ቦስተን ላይ ኤማ ነት የመጀመሪያዋ ሴት የስልክ ኦፕሬተር ሆና ተቀጠረች፤ ከዚያ በኋላ ሙያው ከሞላ ጎደል የሴቶች ሆነ። ደዋዩ የሚፈልገውን ይነግራታል፣ እሷ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ትሰካለች። በሥራ ላይ የዋለውን የመጀመሪያ አውቶማቲክ ማዞሪያ የፈለሰፈው የካንሳስ ሲቲው ቀብር አስፈጻሚ አልሞን ስትሮውጀር ነው። እንደሚተረከው የተፎካካሪው ሚስት ኦፕሬተር ሆና ደንበኞቹን ወደ ባሏ ታዞርበት ነበር፤ የፈጠራ መብቱን በ1891 አገኘ፣ በ1892 ላ ፖርት በምትባል የኢንዲያና ከተማ የመጀመሪያው ጣቢያ ተከፈተ። በስትሮውጀር ማዞሪያ ደዋዩ የሚያዞረው ቁጥር መኪናውን በቀጥታ ደረጃ በደረጃ ያንቀሳቅሰዋል። ለትንሽ ከተማ በቂ ነበር። እንደ ኒው ዮርክ ያለች፣ በአሥር የሚቆጠሩ ጣቢያዎች እርስ በርስ የሚገናኙባት ከተማ ግን ሌላ ነገር ትፈልግ ነበር፤ ታላቁ የስልክ ድርጅት ቤል ሲስተምም መልሱን በራሱ ቤተ ሙከራና በራሱ ፋብሪካ፣ በዌስተርን ኤሌክትሪክ፣ ሠራ። ፓነል የተወለደው እንዲህ ነው። በ1915 ኒው ጀርሲ ኒውአርክ ላይ በኦፕሬተር እየታገዘ ተሞከረ፤ በ1921 ኦማሃ ላይ ሙሉ በሙሉ አውቶማቲክ ሆነ፤ በ1922 ኒው ዮርክ ገባ፤ በዓመቱ ሲያትል ደረሰ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሠራሩን ላስረዳ፤ ሰዎች ሕይወታቸውን ለምን እንደሰጡት የሚገባው መኪናውን ላወቀ ነው። ደዋዩ ስልኩን ሲያነሣ አንድ መሣሪያ መስመሩን ፈልጎ ሴንደር ከሚባል የሪሌዎች (በኤሌክትሮማግኔት የሚከፈቱና የሚዘጉ ማብሪያዎች) ስብስብ ጋር ያገናኘዋል። የሚዞረው ስልክ ቁጥር ሲመታ የሚያደርገው የኤሌክትሪኩን ዑደት በቁጥሩ ልክ መቆራረጥ ነው፤ 7 ሲመታ ሰባት ጊዜ። ሴንደሩ ቆጥሮ ይይዘዋል። ደዋዩ ቢዘገይም ቢፈጥንም ግድ የለውም፤ የተነገረውን አስታውሶ በራሱ ፍጥነት ሥራውን ይጀምራል። ዛሬ ኮምፒውተር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መቀበል፣ መያዝ፣ መተርጎም፣ ማዘዝ። የፓነል መሐንዲሶች ግን ይህን የሠሩት በኤሌክትሮማግኔትና በነሐስ ምላስ ነው፣ ትራንዚስተር ከመታሰቡ በፊት።

ከሴንደሩ ትእዛዝ የሚቀበሉት ዘንጎች ናቸው። በእያንዳንዱ የብረት ማዕቀፍ ላይ ሰሌዳ የሚባሉ 5 የመስመር ማቆሚያዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረዋል፤ ማዞሪያው ፓነል የተባለው በእነዚህ ሰሌዳዎች ነው። አንድ ሰሌዳ 100 መስመር ይይዛል። ለአንድ መስመር 3 የነሐስ ስስ ንጣፎች ስለሚያስፈልጉ በአንድ ሰሌዳ 300 ንጣፎች፣ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገር እየገባ፣ ተነባብረዋል። በፊት ለፊት 30፣ በጀርባ 30 ዘንጎች ቆመዋል። ከግርጌ በኤሌክትሪክ ሞተር ያለ ዕረፍት የሚዞሩ፣ በቡሽ የተሸፈኑ ዘዋሪ በርሜሎች አሉ። ዘንጉ እንዲወጣ ሲፈለግ ማግኔት ይጫነውና ከሚዞረው ቡሽ ጋር ያነካካዋል፤ ቡሹ ይዞት ወደ ላይ ይነዳዋል። ሲወርድ በሌላው በርሜል ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሴንደሩ ዘንጉን «ሰባተኛው ላይ ቁም» ብሎ አያዘውም። ዘንጉ ሲወጣ ያለፈበትን እያንዳንዱን ደረጃ በምት ወደ ሴንደሩ መልሶ ይናገራል፤ ሴንደሩ ይቆጥራል፤ የሚፈልገው ላይ ሲደርስ ዑደቱን ይቆርጥና ዘንጉ እዚያው ይቆማል። ዘንጉ ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ፣ ቡሹ ትንሽ ቢያልቅ ቆጠራው አይሳሳትም። ሠሪው ራሱ የሥራውን እርምጃ እየተናገረ አዛዡ የሚያቆምበት ይህ ዘዴ፣ በፍጥነት ልዩነት የማይታወክ ማዞሪያ ሰጣቸው። የመጨረሻው ዘንግ የተፈለገውን መስመር ሲያገኝ ደወል ይደወላል። ጉዞው ሁሉ፣ ከማንሣት እስከ መደወል፣ በዓይን ይታያል በጆሮም ይሰማል። ብዙ ጥሪ በአንድ ጊዜ ሲመጣ የሪሌዎቹ ድምፅ ቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደ ወረደ የክረምት ዝናብ ነው።

ሪሌዎቹንና ማግኔቶቹን የሚያንቀሳቅሰው ከባትሪ የሚመጣ 48 ቮልት ነው። የሚያቆመው ግን አቧራ ሊሆን ይችላል። አንድ የነሐስ ጫፍ ከሌላው ጋር በሚገባው ግፊት ካልተነካካ ጥሪው መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የማዞሪያ ባለሙያ ሥራ ምላስ በጉጠት ማጣመም፣ ግፊቱን በግራም መለካት፣ መነካኪያውን በስስ ብረት ማጽዳት፣ ከሁሉም በላይ መስማት ነበር። የቤል ሲስተም የጥገና መመሪያዎች በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች አሏቸው፤ ግፊቱ ስንት፣ ክፍተቱ ስንት ሁሉ ተጽፏል። ዘንጉ ሲታመም የሚያሰማው ድምፅ ግን በገጹ ላይ የለም። እሱን የሚያውቀው ሌሊት ተረኛ ሆኖ በመደርደሪያዎቹ መካከል ሲመላለስ የኖረው ሰው ነው።

የሲያትሉ ፓነል የቆመበት ጣቢያ ሬኒየር ይባል ነበር፤ እስከ 1970ዎቹ ድረስ አገለገለ። ፓነልን የተካው ክሮስባር የተባለ ማዞሪያ በ1938 ብሩክሊን ላይ ጀመረ፤ በ1965 ኒው ጀርሲ ሱካሱና ላይ በኮምፒውተር የሚመራው ኤሌክትሮኒክ ማዞሪያ መጣ። የመጨረሻው ፓነል በ1983 ኒውአርክ ላይ፣ በተጀመረበት ከተማ፣ ከሥራ ወጣ።

ከሥራ የወጣ ማዞሪያ የት ይሄድ ነበር? ቤል ሲስተም ከፋብሪካ እስከ ሳሎን ድረስ ያለውን ሁሉ በአንድ እጅ የያዘ ቤት ነበር። ስልኩን እንኳ ለደንበኛ አይሸጥም፤ ያከራየዋል። ዕቃው ሲያረጅ ወደ ራሱ ወደ ዌስተርን ኤሌክትሪክ ይመለሳል። ኩባንያው ኒው ዮርክ ስታተን አይላንድ ላይ ናሶ የተባለ የማቅለጫ ፋብሪካ ነበረው፤ የአገሩ ሁሉ አሮጌ ገመድና ማዞሪያ እዚያ እየቀለጠ መዳብ ሆኖ ለአዲሱ ይውላል። ለቆጣቢነት የሚደነቅ ሥርዓት ነው። ለታሪክ ግን ምንም አያስተርፍም፤ አሮጌው የሚጠፋው ተጥሎ ሳይሆን ተመልሶ አዲስ ሆኖ ነውና ሰብሳቢ የሚያነሣው ቁራጭ እንኳ ከደጅ አይወጣም።

ይህ ታላቅ ቤት በመንግሥት ክስ ምክንያት ጥር 1 ቀን 1984 ተከፋፈለ። ሚሊዮን ያህል ሠራተኞች የነበሩት ድርጅት ወደ ክልል ኩባንያዎች ተበተነ። በሰሜን ምዕራቡ በኩል የሲያትሉን ስልክ የሚያስተዳድረው ፓሲፊክ ኖርዝዌስት ቤል ነበር። ከኩባንያው ኃላፊዎች አንዱ ኸርበርት ዋሪክ በዚያ ግርግር መካከል ማንም ያላሰበውን አሰቡ፤ አሮጌው ሁሉ በፍጥነት በአዲስ ሊተካ ነው፣ አሮጌውን የሚያውቁትም ሰዎች በጡረታ እየወጡ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ዕቃው እንዲሰበሰብ፣ ጡረተኞቹም እንዲጠሩ አደረጉ። ሙዚየሙ በኋላ ስማቸውን ይዞ ነበር፤ ኮኔክሽንስ የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጡረተኞቹን ለመጥራት የተዘጋጀ ማኅበር መኖሩ ትልቅ ዕድል ነበር። የአሜሪካ የስልክ ሠራተኞች ከ1911 ጀምሮ ቴሌፎን ፓዮኒርስ የሚባል የአንጋፋ ሠራተኞች ማኅበር ነበራቸው፤ ረጅም ዘመን ያገለገሉት የሚሰባሰቡበት፣ የበጎ አድራጎት ሥራ የሚሠሩበት። በእኛ አገር አነጋገር ዕድርም የባልደረቦች ማኅበርም ነው። ሙዚየሙን በእግሩ ያቆሙት የዚህ ማኅበር ሰዎች ናቸው። ትናንት ደመወዝ ይከፈላቸው የነበረውን ሥራ ዛሬ በነጻ ይሠሩ ጀመር፤ ያውም ከባዱን። ማዞሪያ ከቦታው ሲነሣ ገመዱ ይቆረጣል፤ እንደገና ሲተከል እያንዳንዱ ክር ተለይቶ፣ ቀለሙና ቁጥሩ ታይቶ፣ አንድ በአንድ መበየድ አለበት። በሰም የተነከረ ሲባጎ ወስደው ገመዱን እንደ ድሮው በእጅ እየቋጠሩ አሰሩት። ማንም አላዘዛቸውም። ለጎብኚ ብቻ ቢሆን ኖሮ መደርደሪያውን ማቆም፣ ጽሑፍ መለጠፍ ይበቃ ነበር፤ እነሱ ግን ጥሪ ካላሳለፈ አልተጠበቀም ብለው አመኑ።

ዛሬ ጎብኚው አንዱን ስልክ አንሥቶ ሌላውን ሲጠራ ጥሪው ከፓነል ወደ ክሮስባር ሲሻገር ያያል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ 3ኢኤስኤስ የተባለው፣ ለትናንሽ ከተሞች በ1970ዎቹ የተሠራ በኮምፒውተር የሚመራ ማዞሪያ አለ፤ እሱንም በጎ ፈቃደኞቹ አስነሥተውታል። ከ1920ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ያሉ የስልክ ትውልዶች በአንድ ጣራ ሥር ይነጋገራሉ። በፓነል የሪሌ ስብስብ ሆኖ የታየው የሴንደር ሐሳብ በ3ኢኤስኤስ ፕሮግራም ሆኖ ሲገኝ፣ የኮምፒውተርን ታሪክ ከስልክ ቤት ሳይነሡ መጻፍ እንደማይቻል በዓይን ይታያል።

ከዚህ ሙዚየም ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በዚያችው ከተማ፣ ሌላ የሚያስተምር ታሪክ ተፈጽሟል። የማይክሮሶፍት ተባባሪ መሥራች ፖል አለን በ2012 ሊቪንግ ኮምፒውተርስ የተባለ ሙዚየም ለሕዝብ ከፈቱ። እዚያም እምነቱ አንድ ነበር፤ አሮጌ ኮምፒውተር የሚሠራ መሆን አለበት። ጥሩ ባለሙያዎች፣ ጥሩ ሕንፃ፣ ሞልቶ የተረፈ ገንዘብ ነበረው፤ ሥራውም በእውነት ያማረ ነበር። አለን በ2018 ሞቱ። ሙዚየሙ በ2020 በወረርሽኙ ዘመን ተዘጋ፣ እንደተዘጋም ቀረ፤ በ2024 ከስብስቡ የተወሰነው በክሪስቲስ ጨረታ ወጣ። ያ ሁሉ የጥገና እውቀት የተሰበሰበበት ቡድን ተበተነ። ይህን የምለው ባለጸጋውን ለመውቀስ አይደለም፤ በሕይወት ሳሉ ያደረጉት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ባለቤቱ አንድ ሰው የሆነ ቤት ዕድሜው የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። የጆርጅታውኑ ቤት ደሃ ነው፤ እሱ ግን ክፍት ነው።

ደህና ነው ማለት ግን አይደለም። የሚኖረው በኩባንያ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ስሙም ባለቤቱም ሲቀያየር ኖሯል፦ ፓሲፊክ ኖርዝዌስት ቤል ዩኤስ ዌስት ሆነ፣ እሱ በ2000 በክዌስት ተጠቀለለ፣ ክዌስትን በ2011 ሴንቸሪሊንክ ገዛው። በእያንዳንዱ ለውጥ የላይኛው ፎቅ የሚቆየው አንድ ሰው ይቆይ ስላለ ነው። ከዴንቨር የሚሠራው የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ ቡድን የተባለው ድርጅት ሙዚየሙን ከሥሩ መያዙ አስተዳደሩን አጽንቶለታል፤ ሕንፃው ግን ዛሬም የሌላ ነው።

ለእኛ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም፤ በቦታም ጭምር። ሬኒየር የሚለው ስም በሲያትል አካባቢ የተራራም የሸለቆም ስም ነው፤ ሬኒየር ቫሊ ከሙዚየሙ ሰፈር ቢኮን ሂል በተባለው ኮረብታ ብቻ የተለየ ሲሆን የብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መኖሪያ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወደ ከተማዋ የገባው ስደተኛ የስልክን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቃል፤ በካርድ ደቂቃ እየቆጠረ ከእናቱ ጋር ያወራ ትውልድ ነው። ልጆቹን ይዞ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ጆርጅታውን ጎራ ቢል፣ ያን ድምፅ ያመጣለት ነገር ምን ዓይነት መኪና እንደነበረ ማሳየት ይችላል።

አገር ቤት ደግሞ የስልክ ታሪካችን ረጅም ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 ገደማ የተጀመረው የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር በአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት ነው። በየጣቢያው መስመሩን የሚጠብቀው፣ እጀታውን አዙሮ የሚጣራው ስልከኛ በየአውራጃው የታወቀ ሰው ነበር፤ የሹም ሽሩም፣ የጦርነቱም፣ የሞቱም ወሬ አስቀድሞ በእሱ ጆሮ ያልፋል። በ1952 የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቁሞ ሥራው ሲስፋፋ አዲስ ባለሙያ ትውልድ መጣ፤ ማዞሪያ ቤት የገቡ ሴቶች፣ እንጨት ተሸክመው ሽቦ የዘረጉ መስመረኞች፣ ሪሌ ያጸዱ ቴክኒሻኖች። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ ጡረተኞች ናቸው። ስለ ንጉሡ ስልክ ብዙ ተጽፏል፤ የተቆረጠ መስመር በዝናብ ሌሊት እንዴት እንደሚፈለግ ግን የሚናገሩት እነሱ ብቻ ናቸው። መዝገብ ቤት ገብተን አናገኘውም።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ያለን ድሬዳዋ ላይ ይመስለኛል። በ1897 ከጂቡቲ የተጀመረው ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋን ወልዶ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ 784 ኪሎ ሜትር። የድሬዳዋ ጋራዥ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ባቡሩን ሲፈታና ሲገጥም ኖረ፤ በሠራተኞቹ መካከል ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋ ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ ሐዲድ ሲመጣ የአሮጌው መሰናበቻ ሆነ። ቶርኖውና መዶሻው፣ የብረት መቁረጫው፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ አሉ፤ ያንን ሁሉ በስሙ የሚጠሩ፣ ለእንግዳ የሚያስጎበኙ አዛውንቶችም ነበሩ። ዕቃው ብዙ ዓመት ይቆማል፤ ብረት ነው። ሰዎቹ ግን አርጅተዋል፣ ምትካቸው ደግሞ አልተመለመለም። ሲያትሎች ያደረጉትን ከእኛ የሚለየው ገንዘብ ነው ብዬ አላምንም፤ እነሱም በባዶ እጅ ነው የጀመሩት። ባለሙያዎቹ ገና ብርቱ ሳሉ ተጠርተዋል፤ ቁልፍ ተሰጥቷቸዋል፤ ክፍል ተለቆላቸዋል።

በጆርጅታውንም ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ጡረተኞች ቀስ በቀስ አልፈዋል። የተኳቸው ብዙዎቹ ፓነል ከሥራ ከወጣ በኋላ የተወለዱ፣ በኮምፒውተርና በኔትወርክ ሥራ የሚተዳደሩ ወጣቶች ናቸው። ወደዚያ የሳባቸው ነገር ይገባኛል፤ ቀን ሲሠሩ የሚውሉት ስውር ነገር ላይ ነው፣ እዚህ ግን አመክንዮ በብረት ተሠርቶ ሲንቀሳቀስ ያያሉ። ትልልቅ የኤሌክትሪክ ዑደት ሥዕሎችን ዘርግተው አንድ የጠፋ ምት የት እንደቀረ ሪሌ በሪሌ ይከታተላሉ። ሥዕሉ ሳይበቃ ሲቀር የሚጠይቁት አንጋፋ እየጠፋ ነውና ያገኙትን ብልሽትና መፍትሔውን በፊልም እየቀረጹ ለሚመጣው ያስቀምጣሉ። የቀደሙት በጆሯቸው ይዘውት ያለፉት አሁን በከፊል እየተመዘገበ ነው።

በዓለም ላይ የተበተኑ አሮጌ ማዞሪያ ወዳዶች ደግሞ ሲ-ኔት የተባለ የራሳቸው የስልክ መረብ አላቸው። አስተሪስክ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር አማካይነት በኢንተርኔት እየተገናኙ፣ በየቤታቸው ጓዳና በየትንሹ ሙዚየም የቆሙ ማዞሪያዎቻቸውን እርስ በርስ ያስደውላሉ። የሲያትሉ ቤትም በዚህ መረብ ውስጥ አለ። እንግሊዝ የተቀመጠ ሰው በስትሮውጀር ማዞሪያው በኩል ቁጥር ሲመታ፣ ምቱ በኢንተርኔት ባሕር ተሻግሮ ጆርጅታውን ይደርሳል፤ የ1923ቱ ሴንደር ይቆጥረዋል፤ ማግኔቱ ዘንጉን ከቡሹ ጋር ያነካካዋል። ቡሹ ያልቃል፣ መተካት ይፈልጋል፤ ለዚህ መኪና መለዋወጫ የሚሠራ ፋብሪካ ከጠፋ ደግሞ ቆይቷል። በጎ ፈቃደኞቹ የሚያስፈልገውን ከአሮጌ ዕቃ ይፈታሉ፣ ካልተገኘም በእጃቸው ይሠራሉ።